የማኅበሩ መዝገብ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ጋር እንዳይቀበር

የማኅበር ጉልበቱ አባላቱ ሲሆኑ ማስረጃው ደግሞ መዝገቡ ነው። የማን ዕጣ ስንት እንደሆነ፣ የማዳበሪያ ዕዳውን ማን እንደከፈለ የሚታወቀው በመዝገብ ነው።

በለገጣፎ አካባቢ የአንድ ማኅበር ጸሐፊ የአባላትን ስም ዝርዝር ከአሮጌው ኮምፒዩተር ገልብጦ በአዲሱ ሲከፍተው ያገኘው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነበር። ከዚያው ማሽን የተገለበጠው የኦሮምኛ ደብዳቤ ግን አንድም ሳይጎድል ተነቧል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ቁቤ የላቲን ፊደል በመሆኑ ቁጥሩ በተለመዱት ማሽኖች ሁሉ አንድ ነው። በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ግን 256 ብቻ ነበር። የአማርኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላቱ፣ አኀዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለሆነም እያንዳንዱ የሶፍትዌር አዘጋጅ ፊደሉን እንደመሰለው ከፋፍሎ የራሱን ቁጥር ሰጠው። የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና እንደማይስማማ ሁሉ፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈውን ሌላው ማንበብ አልቻለም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቁጥር ሰጠ። በዚህ ሥርዓት «ሀ» በየትኛውም አገር 4608 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፕሮግራሞች የተጻፈ መዝገብ ግን ካልተለወጠ በቀር እንደተቆለፈ ይቀራል።

በመሆኑም የማኅበር መሪዎች የሚከተሉትን ሊያስፈጽሙ ይገባል።

አንደኛ፦ አሮጌው ማሽን መሥራት ሳያቆም ፋይሉ የተጻፈበት ፎንት ስሙ ይመዝገብ፤ ፎንቱም ከፋይሉ ጋር አብሮ ይገልበጥ።

ሁለተኛ፦ በዲስኬት ያለው ሁሉ ወደ ፍላሽ ይዛወር። የድሮው የማኪንቶሽ 800 ኪሎባይት ዲስኬት ግን የሚሽከረከርበት ፍጥነት ስለሚለያይ በሌሎች ኮምፒዩተሮች ማንበቢያ አይነበብም። በራሱ ማሽን ተከፍቶ በኬብል መተላለፍ አለበት።

ሦስተኛ፦ ጽሑፉ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ፤ የመጀመሪያው ቅጂ ግን አይሰረዝ።

አራተኛ፦ የተለወጠው ዝርዝር ከወረቀቱ መዝገብ ጋር ስም በስም፣ ቁጥር በቁጥር ይመሳከር። አንድ ፊደል ተዛንፎ «ተሾመ» «ተሸመ» ቢሆን አባሉ ስሙን ከመዝገቡ ሊያጣ ይችላል።

ማመሳከሩ ለጸሐፊው ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ሒሳብ ያዡና የቁጥጥር ኮሚቴው አብረው ተቀምጠው ሊያዩትና ሊፈርሙበት ይገባል። ዕዳውን የከፈለ ገበሬ ማስረጃው በማሽን ውስጥ ስለጠፋ ዳግም ክፈል መባል የለበትም።