ኩምሳ፦ ምርቃት የሆነ ስም

ነቀምቴ ገበያ መሀል «ኩምሳ!» ብለው ቢጣሩ ከአንድ በላይ ሰው ዞር ይላል። እኔም የበኩር ልጄን ኩምሳ ብዬዋለሁ። ባለቤቴ «የሽማግሌ ስም!» ብላ ፊቷን አጨማደደች፤ እናቴ ግን እልልታዋን አቀለጠችው። «ኩመ» በኦሮምኛ ሺህ ነው፤ ኩምሳ ሲባልም ይብዛ፣ ይባረክ፣ እንደ ማለት ነው።

ከተማው ስሙን የሚያውቀው በሌቃ ነቀምቴው ገዥ በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ነው። ከአባታቸው ከሞረዳ በከሬ ግዛቱን የወረሱት እኚህ ሰው ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ልጃቸውም ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ተብለው ተጠሩ፤ ኩምሳ የሚለው ከአባት ስም ቦታ ወጣ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን አልተወውም። ሙዚየም የሆነው ግቢያቸው ዛሬም የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ነው የሚባለው።

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው፣ ነቀምቴም ያስተማረው አናሲሞስ ነሲብ ደግሞ የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር። «ሂኩ» መፍታት፣ መተርጎም ነው። ስም ይመራል የሚሉ ሽማግሌዎች በዚህ ክርክር ያሸንፉኛል።

የኔው ኩምሳ ለጊዜው የሚያበዛው ጥያቄ ብቻ ነው።