አክብረን የምናገልላቸው

እ.ኤ.አ. በ1969 የዋሽንግተን ዲሲ የቤቶች ባለሥልጣን ቼቪ ቼዝ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር የሚገኝ አንድ ፎቅ ገዝቶ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን መኖሪያ ሊያደርገው አሰበ። የሰፈሩ ሰዎች አይሆንም አሉ። ብዙዎች ነገሩን የዘርና የመደብ ጉዳይ አድርገው አዩት፤ ያም አልጠፋበትም። የከተማዋን የአረጋውያን ጉዳይ አማካሪ ኮሚቴ ይመራ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር ግን ሌላም ነገር እንዳለበት ለዋሽንግተን ፖስቱ ወጣት ዘጋቢ ለካርል በርንስታይን ነገረው። ሰዎቹ የሚሸሹት እርጅናን ራሱን ነው አለ። ስሙንም «ኤጂዝም» አለው፤ ሰውን በዕድሜው ብቻ መድቦ መናቅና ማራቅ ማለቱ ነበር።

በትለርን ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። ሕክምና ሲማር አስተማሪዎቹ ስለ አረጋውያን ታማሚዎች በንቀት ሲናገሩ መስማቱ እጅግ አስደንግጦት ነበር። ኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ፤ በአገሩ ስላለው የአረጋውያን ኑሮ የጻፈው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1976 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ያነሣው ጥያቄ ግን እስካሁን አልተቋጨም። የሰው ዕድሜ ብቻውን ስለዚያ ሰው ለመወሰን ምክንያት ይሆናል?

እኛ ዘንድ ይህ ሲነሣ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ይህ የፈረንጅ ችግር ነው» የሚል ነው። እውነትም ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫችን እንነሣለን፣ አንቱ እንላለን፣ ምርቃት እንቀበላለን፣ የተጣላ ለማስታረቅ ሽማግሌ እንልካለን። ይህን ባህል እወደዋለሁ፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ነገር ግን አክብሮቱ ማንን እንደሚሸፍንና የት ላይ እንደሚያበቃ ማየት አለብን። ለዕርቅ የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ያውም የታወቀ ስም ያላቸው። ጧሪ የሌላቸው፣ በኪራይ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ለሽምግልና አይጠሩም።

ጤና ጣቢያ ደግሞ ሌላው ማሳያ ነው። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ይገባሉ፤ ባለሙያው በትሕትና ወንበር ይሰጣቸውና ፊቱን ወደ ልጁ አዙሮ «ምን ያማቸዋል?» ይላል። የሚመልሰው ልጁ ነው። የመድኃኒቱ አወሳሰድም የሚነገረው ለልጁ ነው። ጉልበቴን ያመኛል ካሉ «የዕድሜ ነው» ተብለው ይመለሳሉ፤ ሊታከም የሚችል ሕመም በዚያች አንድ ቃል ተዘግቶ ይቀራል። ማንም አልሰደባቸውም፣ ማንም አልገፋቸውም። ሆኖም ስለ ገዛ አካላቸው አልተጠየቁም። እንዲህ ያለውን ማግለል ለመቃወም አስቸጋሪ የሚያደርገው በአክብሮት ተሸፍኖ መምጣቱ ነው፤ ማን በክብር የተሰጠውን ወንበር ይነቅፋል?

ጉዳቱ የስሜት ብቻ አይደለም። በየል ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ቤካ ሌቪና ባልደረቦቿ በኦሃዮ ግዛት ኦክስፎርድ በምትባል ከተማ የሚኖሩ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 660 ሰዎች መረጃ መረመሩ። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው ማርጀት ምን እንደሚያስቡ ከብዙ ዓመት በፊት ተጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ውጤት መሠረት ስለ እርጅናቸው በጎ አመለካከት የነበራቸው ከሌሎቹ በአማካይ 7 ዓመት ከመንፈቅ በላይ ኖረዋል፤ የጤና፣ የፆታና የኑሮ ደረጃ ልዩነት ከግምት ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም። አንድ ጥናት ሁሉን አይደመድምም። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ «እርጅና መጣ፣ በቃ» ሲባል የሰማ ሰው ያንኑ ፍርድ በስተርጅና በራሱ ላይ እንደሚፈርድ ለማመን ከብዶኝ አያውቅም።

ሌላው የክርክሩ ክፍል ሥራ ነው። መሥራት የሚያበቃበት ዕድሜ ከሰው አካል የተነበበ አይደለም። ጀርመን በቢስማርክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1889 የእርጅና ጡረታ ስትደነግግ መነሻው 70 ዓመት ነበር፤ ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 ከ40 እስከ 65 ዓመት ያሉ ሠራተኞችን ከዕድሜ መድልዎ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ በ1986 ደግሞ ለአብዛኛው ሥራ የግዴታ ጡረታን አስቀረች። እኛ ዘንድ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች በሥርዓቱ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በቅጥር ማስታወቂያ ላይ ግን መስመሩ ከ60 በጣም ቀደም ብሎ ይሰመራል፤ «ዕድሜ፦ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ማግኘት ያስቸግራል።

ወጣቱም ከዚህ አያመልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ ግማሹ በአረጋውያን ላይ የተዛባ አመለካከት እንዳለው ገምቷል፤ በአውሮፓ ግን በዕድሜያችን ምክንያት ተገለልን የሚሉት ከሁሉ ይልቅ ወጣቶች መሆናቸውን ጠቅሷል። «አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ዝም በል» እየተባለ ላደገ አበሻ ይህ እንግዳ አይሆንም።

ሕጉስ? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ዘርን፣ ፆታን፣ ቋንቋንና ሃይማኖትን እየጠራ መድልዎን ሲከለክል ዕድሜን በስም አይጠራም፤ «ሌላ አቋም» በሚለው ሥር ካልተጠለለ በቀር። አረጋውያንን በስም የሚጠራው አንቀጽ 41 ነው፤ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። አረጋዊው እንደ ተረጂ ተጽፏል፣ መድልዎ እንደሚደርስበት ዜጋ ግን አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም የመድልዎ ምክንያቶችን ሲዘረዝር ዕድሜን አላነሣም። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮል ከዚህ ይሻላል፤ በዕድሜ ምክንያት የሚደረግ መድልዎ እንዲወገድ በግልጽ ይጠይቃል።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የአረጋውያንን መብት የሚመለከት ስምምነት የሚያረቅ ቡድን እንዲቋቋም ወሰነ። ሀብታም አገሮች ወደዚያ የሚያመጡት ክርክር በአመዛኙ መቼ ጡረታ ይወጣል የሚለው እንደሚሆን እገምታለሁ። የእኛ ተወካዮች ሌላ ጉዳይ ይዘው እንዲቀርቡ እፈልጋለሁ። ገበሬው፣ የጉልት ነጋዴዋና የቀን ሠራተኛው ውጣ የሚላቸው አሠሪም ሆነ የሚጠብቃቸው የጡረታ ደብተር የላቸውም፤ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ይሠራሉ፣ ከዚያ ልጅ ካለ ልጅ ይጦራቸዋል። ረቂቁ ለእነሱ መተዳደሪያ ሳያስቀምጥ የሥራ ዕድሜን ብቻ ቢደነግግ ለአብዛኞቹ አረጋውያኖቻችን አይደርስላቸውም።