ማኅተሙ የት ይቀረጽ? የመልእክት ክላሶች አወላለድ በሃያ ዓመታት ውስጥ

በደብዳቤ ግርጌ የሚያርፈው ክብ ምልክት የሚወጣው ከማኅተም ነው፤ ማኅተሙን ደግሞ የቀረጸ ባለሙያ አለ። በፓይተን ፕሮግራምም እነዚሁ ሦስት እርከኖች አሉ። የሚላከው መልእክት ምልክቱ ነው፤ የመልእክቱን ቅርጽ የሚወስነው ክላስ ማኅተሙ ነው፤ ክላሱን ራሱን የሚሠራው ሜታክላስ ደግሞ ቀራጩ ነው። ማኅተሞቹ ሱቅ ተቀርጸው በሳጥን ይምጡ ወይስ ቀራጩ ቢሮ ተቀምጦ በታዘዘ ቁጥር ይቅረጽ የሚለው ጥያቄ ከሃያ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። መልሱም ደጋግሞ ተለውጧል። ከኮምፒውተሩ ፍጥነት ይልቅ የለወጠው የኮዱ አንባቢ ነው፤ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ደግሞ ሰውን የሚያግዝ መሣሪያ። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳጥን ሙሉ ማኅተም

ሁለት ፕሮግራሞች በኔትወርክ ከመነጋገራቸው በፊት በመልእክቱ ቅርጽ መስማማት አለባቸው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተለመደው ዘዴ ቅርጹን በአጭር የመግለጫ ፋይል አስፍሮ፣ ከዚያ ላይ ኮድ የሚያመነጭ መሣሪያ ማስኬድ ነው። የሰን ማይክሮሲስተምስ አርፒሲጄን እና የ1990ዎቹ ኮርባ በዚህ መንገድ ሄደዋል። ፌስቡክ በ2007 የለቀቀው ትሪፍትም፣ ጉግል በ2001 ለውስጥ ሥራው ጀምሮ በጁላይ 2008 ለሕዝብ የከፈተው ፕሮቶኮል በፈርስም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ሲ ፕላስ ፕላስንና ጃቫን ለመሰሉ ቋንቋዎች ዘዴው ይስማማል፤ ኮምፓይለራቸው ሁሉንም አስቀድሞ ማየት ይፈልጋልና። ፓይተን ግን ክላስን የሚሠራው ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ነው። ክላስ መፍጠር እንደ መደመርና እንደ ማተም ያለ፣ ተራው ሲደርስ የሚፈጸም ትእዛዝ ነው። እንዲህ ከሆነ፣ ሺህ መስመር ኮድ አስቀድሞ ማምረት ለምን ያስፈልጋል?

ቀራጩ ቢሮ ሲገባ

ሜታክላስ በፓይተን ቀድሞም ነበረ፤ ግን የሚፈራ ነገር ነበር። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በ1.5 ቅጂ ዘመን ስለ ሜታክላስ የጻፈውን ማብራሪያ «ገዳዩ ቀልድ» ብሎ ቅጽል አውጥቶለታል። በዲሴምበር 2001 የወጣው 2.2 ቅጂ ነገሩን አቀለለው። የቋንቋው የራሱ ዓይነቶችና ፕሮግራመሩ የሚጽፋቸው ክላሶች መዋሃድ ጀመሩ፤ «ታይፕ» የተባለውም ለአዲሶቹ ክላሶች ነባሪ ቀራጭ ሆነ። ለታይፕ ሦስት ነገር ይሰጡታል፦ ስም፣ ወላጅ ክላሶችና የአባላት መዝገብ። እሱም አዲስ ክላስ ይመልሳል። ከታይፕ ወርሶ የራሱን ቀራጭ የሠራ ፕሮግራመር ደግሞ ክላሱ ከመውጣቱ በፊት መዝገቡን አንብቦ የጎደለውን መሙላት ይችላል።

ይህን አሠራር ለብዙኃኑ ያስለመደው በ2005 ለሕዝብ የቀረበው ጃንጎ የተባለ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው። ፕሮግራመሩ የመስኮቹን ስምና ዓይነት ይዘረዝራል፤ ከዳታቤዝ ሠንጠረዥ ጋር የማገናኘቱን ሥራ ሜታክላሱ ይጨርሰዋል።

በመልእክት ክላሶች በኩል ግን ዋናው ምሳሌ የፕሮቶኮል በፈርስ የፓይተን ክፍል ነው። ለሲ ፕላስ ፕላስ የሚመነጨው ፋይል የእያንዳንዱን መስክ ማንበቢያና መጻፊያ የያዘ ሙሉ ኮድ ነው። ለፓይተን የሚመነጨው ግን መግለጫውን ብቻ ይይዛል፦ የመስኮቹን ስም፣ ቁጥርና ዓይነት። ፋይሉ ሲጫን ሜታክላሱ መግለጫውን ተቀብሎ መስኮቹን፣ ወደ ባይት መቀየሪያውንና ከባይት መመለሻውን በክላሱ ላይ ይተክላል። ስምና ዕድሜ ያለው «ሰው» የሚባል መልእክት አለን እንበል። በዕድሜ ቦታ ቃል ብናስገባ ወዲያው ስሕተት ይነሳል፤ ያንን የሚከለክል መስመር ግን የመነጨውን ፋይል ከላይ እስከ ታች ብናነብ አናገኘውም።

ትርፉ ግልጽ ነው። መግለጫው ከዲስክም ይምጣ ከኔትወርክ፣ ፕሮግራሙ ሲጻፍ ያልታወቀ የመልእክት ዓይነት በሥራ ላይ እያለ ክላስ ይወጣለታል።

የዚህ ችሎታ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ሮስ በተባለው የሮቦት ሶፍትዌር ላይ ነው። በሮስ 1 የሮቦቱን መልእክቶች የሚቀዳው ባግ ፋይል የየዓይነቱን መግለጫ አብሮ ያኖራል። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ፣ የሮቦቱ ፓኬጆች ባልተጫኑበት ኮምፒውተር ላይ፣ ባግ ፋይሉ ሲከፈት ክላሶቹ ከመግለጫው ይሠራሉ። የሚገርመው ዘዴው ነው። የሮስ 1 መሣሪያ የፓይተን ኮድ በጽሑፍ አመንጭቶ፣ በጊዜያዊ ፋይል አስቀምጦ፣ መልሶ ይጭነዋል እንጂ በሜታክላስ አይቀርጽም። በ2008 ከፓይተን 2.6 ጋር የመጣው የሬይመንድ ሄቲንገር «ኔምድ ታፕል»ም መጀመሪያ ላይ የክላሱን ጽሑፍ በቅጽ ሞልቶ ያስፈጽም ነበር። ክላስን በሥራ ላይ መፍጠር የሜታክላስ ብቻ ሙያ እንዳልሆነ ሁለቱም ይመሰክራሉ። ጽሑፍ ደግሞ ስሕተት ሲፈጠር ከፍቶ ሊነበብ ይችላል።

በዲሴምበር 2017 የመጀመሪያ ቅጂው የወጣው ሮስ 2 ሌላ ሚዛን መረጠ። የመልእክቱ ክላስ አስቀድሞ በጽሑፍ ይመነጫል፤ ከጎኑም ሜታክላስ ይቆማል። የሜታክላሱ ዋና ሥራ በሲ የተጻፈውን ድጋፍ መጫን ነው። ቀራጭ የነበረው እዚህ በር ከፋች ሆነ።

ኦዲተሩ ሌሊት ሲመጣ

በሴፕቴምበር 2015 የወጣው ፓይተን 3.5 የዓይነት ምልክቶችን መደበኛ አደረገ። ማይፓይን የመሰሉ መርማሪዎችና የኮድ መጻፊያ ኤዲተሮች ፕሮግራሙን ሳያስኬዱ፣ በንባብ ብቻ ስሕተት መፈለግ ለመዱ። እነዚህ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ሌሊት እንደሚመጣ ኦዲተር ናቸው። ቀራጩ በሌለበት ሳጥኑን ይከፍታሉ፤ ሳጥኑ ባዶ ነው። የመልእክቱን መስኮች አያዩም፤ ፕሮግራመሩ የመስክ ስም ቢሳሳትም አያስጠነቅቁትም።

መፍትሔው ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። ለፕሮቶኮል በፈርስ የክላሶቹን ገጽታ ብቻ የሚያሳይ የምስክር ፋይል የሚያመነጩ ተጨማሪ መሣሪያዎች መጡ፤ በ2022 ደግሞ ዋናው ኮምፓይለር ራሱ ይህን ማመንጨት ጀመረ። ከታተመ ጽሑፍ ለመገላገል የመጣው ሜታክላስ የታተመ ጽሑፍ አስከትሎ ቀረ።

በዚያው ዓመት በሜይ ሌላ ትምህርት መጣ። የፕሮቶኮል በፈርስ የፓይተን ቅጂ 4.21 የውስጥ ሞተሩን በሲ በተጻፈ አዲስ ሞተር ለወጠ። በድሮ ኮምፓይለር የመነጩ ፋይሎች መግለጫ በቀጥታ መሥራት አይቻልም በሚል ስሕተት አልጫን አሉ። የጥገኝነት ቅጂያቸውን ያልቆለፉ ብዙ ፕሮግራሞች፣ ኮዳቸው ሳይነካ፣ በአንድ ዝማኔ ቆሙ። አማራጩ ወይ ፋይሎቹን በ3.19 ወይም ከዚያ በኋላ ባለ ኮምፓይለር ማደስ፣ ወይ ወደ 3.20 መመለስ ነበር። የመነጨው ፋይል ለቀራጩ የተጻፈ ትእዛዝ ነውና ቀራጩ ሲቀየር የድሮው ትእዛዝ የማይነበብ ሆነ።

ትንንሽ ችግሮችም ነበሩ። አንዱ ከሌላው የማይወርስ የተለያየ ሜታክላስ ያላቸውን ሁለት ክላሶች አንድ ላይ መውረስ በፓይተን ግጭት ይፈጥራል። በሥራ ላይ የተወለደና በየትኛውም ሞጁል በስሙ የማይገኝ ክላስ ደግሞ «ፒክል» በተባለው የፓይተን ማስቀመጫ ተቀምጦ ሊመለስ አይችልም።

ቀለል ያለው መንገድ

ከ2015 ጀምሮ ያለው አዝማሚያ ሜታክላስን አልሰረዘውም፤ ሥራውን አከፋፈለው። በሂኔክ ሽላቫክ የተሠራው «አትርስ» በ2015 ክላስን በዲኮሬተር፣ ማለትም ከተሠራ በኋላ ተቀብሎ በሚያሟላ ፈንክሽን፣ ማሟላትን አሳየ። በዲሴምበር 2016 የወጣው 3.6 ወላጅ ክላስ ልጁ ሲወለድ እንዲያውቅ የሚያደርግ መንጠቆ አመጣ፤ ለብዙ ጉዳይ ሜታክላስ መጻፍ ቀረ። በጁን 2018 የወጣው 3.7 ደግሞ የኤሪክ ስሚዝን «ዳታክላስ» ይዞ መጣ። ዳታክላስ ያለ ሜታክላስና ያለ ልዩ ወላጅ ይሠራል፤ መስኮቹ ገጹ ላይ በዓይነታቸው ተጽፈው ይታያሉ።

በ2017 የጀመረው የሳሙኤል ኮልቪን «ፓይዳንቲክ» ግን ሜታክላሱን አልተወም። በ2023 በወጣው ሁለተኛ ቅጂ የማረጋገጡን ከባድ ሥራ ረስት በተባለ ቋንቋ ለተጻፈ ኮድ ሰጥቶ፣ ለሜታክላሱ መስኮችን ሰብስቦ የማስረከብን ድርሻ ተወለት። ዕርቁን ያመጣው በኦክቶበር 2022 ከፓይተን 3.11 ጋር የመጣው ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት አንድ ሜታክላስ ወይም ዲኮሬተር «እኔ የማወጣው ክላስ እንደ ዳታክላስ ነው» ብሎ ለመርማሪው ማስታወሻ ይተዋል። ኦዲተሩ ቀራጩን ባያገኘውም ማስታወሻውን ያነባል።

ዛሬ ምርጫው የመልእክቱ ቅርጽ መቼ ይታወቃል በሚለው ላይ ያርፋል። ፕሮግራሙ ሲጻፍ ከታወቀ ዳታክላስ ወይም አስቀድሞ የመነጨ ኮድ ይበቃል፤ ከሥራ ባልደረባ ጋርም ከኤዲተር ጋርም ያግባባል። ቅርጹ ከመልእክቱ ጋር አብሮ የሚደርስ ከሆነ፣ እንደ ባግ ፋይሉ፣ በሥራ ላይ ከመቅረጽ ሌላ መንገድ የለም። ቀራጩ ስለዚህ ከቢሮው አልተባረረም። የቀረጸውን ሁሉ ግን መዝገብ ላይ ማስፈር ግዴታው ሆኗል።