የልጃችንን እንቅልፍ ሌላ ማን ያያል?

እናት ቢሮ ገብታ እንደተቀመጠች መጀመሪያ የምታየው ስልኳን ነው። ሕፃኑ ተኝቷል፤ ሞግዚቷ አጠገቡ ልብስ ታጣጥፋለች። “ተመስገን” ብላ ሥራዋን ትጀምራለች። ውጭ አገር ያለ ልጅም አዲስ አበባ ያሉት እናቱ ደህና ማደራቸውን በዚያው ዓይነት ካሜራ አይቶ ይጽናናል። በኢንተርኔት የሚሠራ ካሜራ ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ሆኗል። በአግባቡ ካልተዘጋ ግን ጓዳችንን ለባዕድ ዓይን ይከፍታል።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ትሬንድኔት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሸጣቸው ካሜራዎች ሶፍትዌር ላይ ጉድለት ተገኘና ወደ 700 የሚጠጉ ካሜራዎች የሚያሳዩት ምስል በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። አልጋቸው ላይ የተኙ ሕፃናትና የሚጫወቱ ልጆች ለማንም ታዩ። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ይዞ በ2013 ከኩባንያው ጋር ስምምነት ላይ ደረሰ፤ ኩባንያውም ለ20 ዓመታት በየሁለት ዓመቱ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር ተደረገ።

“እኛን ደግሞ ማን ብሎ ይፈልገናል?” የሚል አይጠፋም። ፈላጊው ግን ሰው ላይሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ሌት ተቀን በር እያንኳኩ የሚዞሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አይጠይቁም። በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ብዙ ሺህ ካሜራዎችንና መሰል መሣሪያዎችን የያዘው 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነበር። ባለቤቶቹ ዕቃው ከካርቶኑ ሲወጣ ይዞት የመጣውን ፓስወርድ አልቀየሩትም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህን ፓስወርድ መቀየር ነው። የልጅ ስም፣ የልደት ቀን ወይም የስልክ ቁጥር አይሁን። ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት፣ ረዘም ያለና ለእናንተ ብቻ ትርጉም ያለው ሐረግ ይሻላል። የዋይፋዩም ፓስወርድ እንዲሁ ይቀየር። የካሜራው አፕ በስልክ መልእክት የሚመጣ ተጨማሪ የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅበት አማራጭ ካለው ያንን አብሩት። ያኔ ፓስወርዱ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው በቀላሉ አይገባም።

ሁለተኛው አፕዴት ነው። በትሬንድኔት ካሜራዎች ላይ የደረሰው የፓስወርድ መድከም ያመጣው አልነበረም፤ ባለቤቶቹ ፓስወርድ ቢያስገቡም ሶፍትዌሩ በሩን ክፍት ትቶት ነበር። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የሚደፍነው አምራቹ የሚልከው ማሻሻያ ስለሆነ “በኋላ” እያላችሁ አትለፉት።

ሦስተኛው ገጣሚውን ይመለከታል። ካሜራውን የሚተክለው ባለሙያ ብዙ ጊዜ በራሱ ስልክ ከፍቶ ያስተካክላል። ሥራው ሲያልቅ አካውንቱ በእናንተ ስም መሆኑን፣ የእሱ ስልክም መውጣቱን አረጋግጡ፤ ፓስወርዱንም እሱ ከሄደ በኋላ ቀይሩት። በተጨማሪም በራውተሩ ላይ ካሜራውን ከውጭ በቀጥታ የሚያገናኝ “ፖርት” ከፍቶ እንደሆነ ጠይቁት። በአፕ የምታዩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይህ አያስፈልግምና ይዝጋላችሁ። አሮጌ ካሜራ ስትሸጡ ወይም ለዘመድ ስትሰጡም ከአካውንታችሁ አውጡት፤ ውስጡ ያለውን ሚሞሪ ካርድም አስቀሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካሜራው የቆመበት ቦታ ይቀራል። መግቢያ በርና ሳሎን አንድ ነገር ነው፤ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና ሠራተኛዋ ልብስ የምትቀይርበት ክፍል ግን ሌላ ነው። እዚያ ያልተቀረጸ ምስል ሊሰረቅ አይችልም። ሞግዚቷም ካሜራ መኖሩን ትወቅ። ለአያትም ቢሆን “ለእርስዎ ደህንነት ነው” ብሎ ግድግዳ ላይ ከመስቀል በፊት ፈቃዳቸውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሲጸልዩ፣ ሲታመሙ፣ ከጎረቤት ጋር የሆድ የሆዳቸውን ሲጫወቱ መታየት የማይፈልጉበት ሰዓት አላቸው። ለዚያ ሰዓት ካሜራው እንዴት እንደሚጠፋ አሳዩአቸው።

ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ አፑን ክፈቱና ካሜራችሁን ለማየት የተፈቀደላቸውን ስልኮች ዝርዝር ተመልከቱ። የማታውቁት ስልክ ካለ አውጡትና ፓስወርዱን ያኔውኑ ቀይሩ።