ኤሮቢክ እንቅስቃሴና የሚዳከም ትውስታ፦ ምርምሩ ምን ያሳያል?

ዕድሜ ሲገፋ አልፎ አልፎ ስም መርሳት የተለመደ ነው። ዝንጋታው ከዕድሜ እኩዮች በርትቶ በምርመራ ሲታይ፣ ሰውየው ግን የዕለት ኑሮውን በራሱ የሚመራ ከሆነ፣ ሐኪሞች «መለስተኛ የአእምሮ ብቃት መቀነስ» ይሉታል። ሁሉም ወደ አልዛይመር አያመራም፤ ከጊዜ በኋላ የሚሻላቸውም አሉ። ተመራማሪዎች የልብ ምትን ከፍ በሚያደርጉ እንቅስቃሴዎች፣ ማለትም በፈጣን እርምጃ፣ በሶምሶማና በብስክሌት፣ ተስፋ ያደረጉት ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ ፐርዝ የማስታወስ ችግር ያለባቸው 170 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ለ24 ሳምንታት የተንቀሳቀሱት በአእምሮ ፈተና መጠነኛ ብልጫ አሳዩ። በ2011 ደግሞ በአሜሪካ የመርሳት በሽታ በሌለባቸው 120 አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለአንድ ዓመት በእግር የተጓዙት ሰዎች ሂፖካምፐስ፣ የትውስታ ማዕከል የሆነው የአንጎል ክፍል፣ 2 በመቶ ያህል መጨመሩን ገለጸ። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ይሻሻላል፣ የደም ግፊትና ስኳር ይረጋጋሉ፣ የነርቭ ሴሎችን የሚንከባከቡ ፕሮቲኖችም ይጨምራሉ።

ነገር ግን የአንጎል መጠን ማደግና የትውስታ መሻሻል ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በካናዳ ቫንኩቨር በ2015 በታተመ ጥናት፣ መለስተኛ የአእምሮ ብቃት መቀነስ ሳይኖርባቸው አይቀርም በተባሉ ሴቶች ላይ ሂፖካምፐስ ቢያድግም ማደጉ ከተሻለ የቃል ትውስታ ጋር አልተያያዘም። በአሜሪካ 300 ያህል ሰዎችን ለ12 ወራት የተከታተለው «ኤግዘርት» የተባለ ሰፊ ጥናትም ኤሮቢክ የሠሩትን የማፍታቻና የሚዛን እንቅስቃሴ ከሠሩት ጋር አነጻጽሮ ልዩነት አላገኘም። ይሁንና የሁለቱም ቡድኖች የአእምሮ ብቃት በዓመቱ ውስጥ አላሽቆለቆለም። ምንም ያልሠራ ቡድን በጥናቱ ስላልነበረ፣ የጠቀማቸው እንቅስቃሴው ይሁን የአሠልጣኝ ድጋፍና ከሰው ጋር መዋል መለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ መመሪያዎቹ ጥንቃቄ ያልተለየው ድጋፍ ይሰጣሉ። የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 በሳምንት ሁለት ጊዜ እንቅስቃሴ እንዲታዘዝ መከረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንቅስቃሴ መለስተኛ የአእምሮ ብቃት መቀነስ ላለባቸው ሰዎች ሊመከር እንደሚችል ሲገልጽ፣ ማስረጃው ገና ደካማ መሆኑንም አስፍሯል።

ለታማሚና ለቤተሰቡ መነገር ያለበት እውነት ይህ ነው፦ እርምጃ አልዛይመርን ይከላከላል ብሎ ቃል መግባት አይገባም። ለልብ፣ ለግፊትና ለእንቅልፍ የሚሰጠው ጥቅም ግን የተረጋገጠ ነው። እንቅስቃሴውን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ አቅምን አይቶ፣ ከጓደኛ ወይም ከቤተሰብ ጋር ዛሬውኑ መጀመር ተገቢ ነው፤ የመጨረሻው ማስረጃ እስኪመጣ ተቀምጦ መጠበቅ ይጎዳል።