የእትብት ደም፦ ከምጥ በፊት የሚጀምር ስጦታ

እኛ ዘንድ አገር ማለት እትብት የተቀበረበት ነው። ሐኪሞች ደግሞ እትብቱና እንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረውን ደም ይፈልጉታል፤ ደም የሚያመርቱ ግንደ ሕዋሳት አሉበትና። በ1988 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በሚገኘው ሴንት ሉዊ ሆስፒታል ዶክተር ኤሊያን ግሉክማን ፋንኮኒ አኒሚያ በተባለ በዘር የሚተላለፍ በሽታ የተያዘ ልጅ በአራስ እህቱ የእትብት ደም አከሙ። ልጁ ዳነ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ደም ለደም ካንሰር ሕሙማንም ተስፋ ሆኗል።

አሰባሰቡ ቀላል ነው። ሕፃኑ ተወልዶ እትብቱ ታስሮ ከተቆረጠ በኋላ፣ አዋላጇ ከእንግዴ ልጁ በኩል የቀረውን እትብት ታጸዳና የደም ሥሩን በመርፌ ትወጋለች። ደሙ በራሱ ክብደት ቁልቁል እየወረደ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ወዳለበት ከረጢት ይገባል። እናትንም ልጅንም አያምም።

ከባዱ ነገር ብዛቱ ነው። ለንቅለ ተከላ በታካሚው ኪሎ ቢያንስ 25 ሚሊዮን ገደማ ኒውክለስ ያላቸው ሕዋሳት ይፈለጋሉ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1.5 ቢሊዮን መሆኑ ነው። ስለዚህ የተለገሰውን ደም የሚያቆየው የእትብት ደም ባንክ ሕዋስ ያነሰበትን ከረጢት ለንቅለ ተከላ አያስቀምጥም።

ይህ ብዛት በአብዛኛው የሚወሰነው በእርግዝናና በወሊድ ነው። ክብደት ያለው ሕፃንና ትልቅ እንግዴ ልጅ ብዙ ደም ይሰጣሉ። ምጥ ሲረዝም የሕፃኑ ሰውነት ስለሚጨናነቅ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ይበዛሉ። የበኩር ልጅ እትብትም ከተከታዮቹ ይልቅ በሕዋስ የበለጸገ ሆኖ ይገኛል። የእርግዝናው ሳምንት ሲገፋ ጠቅላላው የሕዋስ ቁጥር ይጨምራል፤ የግንደ ሕዋሳቱ ድርሻ ግን ወደ መቀነስ ያደላል። እናቲቱ በምጥ ጊዜ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ካለባት ደሙ ላይወሰድ ይችላል።

እትብቱ የሚታሰርበት ጊዜም ወሳኝ ነው። ቶሎ ከታሰረ ለከረጢቱ ብዙ ይተርፋል፤ ከቆየ ደሙ ወደ ሕፃኑ ያልፋል፣ የብረት ክምችቱም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ደቂቃ በፊት እንዳይታሰር ይመክራል። ለከረጢቱ ሲባል ይህን ጊዜ ማሳጠር አይገባም፤ ልገሳ ማለት ከሕፃኑ የተረፈውን መስጠት ነው።

በውጭ አገር የምትኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶች፣ በአሜሪካ የመቅኒ ለጋሾች መዝገብ የአፍሪካ ዝርያ ላላቸው ሕሙማን የሕብረ ሕዋስ ዓይነቱ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ለጋሽ ማግኘት እጅግ ይከብዳል። የእትብት ደም ደግሞ ሙሉ መግጠምን አይጠይቅም። ሆስፒታላችሁ ለሕዝብ ባንክ የሚሰበስብ እንደሆነ ምጥ ሳይመጣ ጠይቁ።