የየት አገር ነው?

ጥርባ ላይ ኔትወርክ ሲመጣ መጀመሪያ የምከፍተው ፒንተረስትን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኮርጅ ነበር። ባለፈው ለአንድ ፀጉር ቤት ፖስተር ሠራሁ። ባለቤቱ አየት አደረገና «ቆንጆ ነው፤ ግን የየት አገር ነው?» አለኝ። ሒሳቤን ከፈለኝ፤ ፖስተሩን ግን አልለጠፈውም። እንዴት እንዳናደደኝ!

በዚያው ሰሞን የብሥራት ደበበን «ጀምበር» አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣ የልዕለ ጀግና ኮሚክ ነው። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ ነው፤ እንደኛው በሉት። አሳሳሉ የአሜሪካኖቹን ኮሚክ መንገድ ይዟል፤ ሰፈሩና ሰዉ ግን የኛ ነው። ለካ እንዲህም ይቻላል።

የስልኬን ጋለሪ ከፈትኩ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ያነሳኋቸው ፎቶዎች አሉ፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል። ድሮ የማየው ግልቢያውን ነበር። አሁን ፎቶውን አጉልቼ ኮርቻውንና ግላሱን አየሁ፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ከጫፉ የሚወርደው ዘርፍ። ዘርፉን ለፖስተሩ ጠርዝ፣ ቀዩንና ቢጫውን ለፊደሉ አደረግኩት።

ባለቤቱ ሲያየው ሳቀ። «ይሄ እንኳ የኛ ፈረስ ነው» አለ። ቢጫው በዝቷል፣ ቀንሰው ብሎኛል፤ እየቀነስኩ ነው።